የትዳር አጋር ካንሰር ሲታከም ተስፋን ይዞ መቆየት

ባለቤቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ስትጀምር እኔ በየሌሊቱ «ትድን ይሆን?» እያልኩ ስብሰለሰል እንቅልፍ አጣሁ። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ በዚያ ሌሊት የሚገኝ አልነበረም። ትንሽ እፎይ ያልኩት «በዚህ ሳምንት ምን ይጠበቃል?» ብዬ መጠየቅ ስጀምር ነው፤ እርስዎም ከዚሁ እንዲጀምሩ እመክራለሁ።

ስለዚህ የሕክምናውን ዑደት ከሐኪሙ ጠይቀው ይረዱ። ብዙ የኬሞ (ካንሰርን በመድኃኒት የማከም) ሕክምናዎች በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ ይሰጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ድካም ይበረታሉ፣ ሰውነትን ከኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ዝቅ ይልና መልሶ ያገግማል። ይህን የማያውቅ ሰው ባለቤቱ በ3ኛው ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ በሽታው የጸናባት ይመስለዋል። እኛ በአዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን የግድግዳ ካላንደር ላይ ከባዶቹን ቀናት በእርሳስ እናከብና፣ ከእነሱ ቀጥሎ በሚመጣው ቅዳሜ ላይ «ቡና» ብለን እንጽፍ ነበር። የቡና ሽታ ስለሚያቅለሸልሻት ጎረቤታችን እንኳ በረንዳ ላይ መቁላቱን ትታ ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን ያ ቅዳሜ ሲደርስ ራሷ «እስቲ ዛሬ ይቆላ» አለች፤ ከሦስተኛ ስኒ በፊት ብትተኛም ያቺን አንዲት ስኒ ጨርሳ ነበር።

ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ለድንገተኛ ትኩሳት አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑርዎት፤ ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅን ትተው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ። ለዚህም መኪና ካለው ጎረቤት ጋር ቀድመው ይነጋገሩና ስልኩን በር ላይ ይለጥፉ። እኔ ይህን ካደረግሁ በኋላ ነው ሌሊቱን ያለ ስጋት መተኛት የቻልኩት። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ በሕክምናው ወቅት ይቅሩ። ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባትን ያማክሩ፤ ጸበል የሚሄዱ ከሆነም መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በቅንነት «የእገሌም እህት በዚሁ ነበር ያረፈችው» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለውን ወሬ በትሕትና ያስቁሙ፤ ጉንፋን የያዘው ሰውም ሲሻለው እንዲመጣ ይንገሩት። «ምን ላግዝ?» ለሚል ግን የሚሠራ ነገር ይስጡት፤ አንዷ ሾርባ ታምጣ፣ ሌላው የኬሞ ዕለት ልጆቹን ከትምህርት ቤት ይቀበል።

ለባለቤትዎም «ምንም አይደለም» አይበሉ። ጸጉሯ ትራሱ ላይ ሲቀር ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ እሷም ዝም አለች። በማግስቱ አብሬያት ቁጭ ብዬ ስናለቅስ ግን የምትፈራውን ሁሉ ነገረችኝ፣ እኔም የምፈራውን ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ ለሐኪሙ የምናቀርበውን ጥያቄ በአንድ ደብተር ላይ አብረን መጻፍ ጀመርን።