በጀማሪ አብራሪ ደመወዝ ቤተሰብ ማስተዳደር ይቻላል? ሒሳቡን አስቀድሞ እንዴት እንደሚሠሩ

አብራሪ ለመሆን የሚያስብ ባለትዳር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ የትምህርቱን ክፍያና የትልቅ አውሮፕላን ካፒቴን ደመወዝ። በሁለቱ መካከል ስላሉት ዓመታት የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ቤተሰብ የሚፈተነው ግን በእነዚያ ዓመታት ነው። የመጀመሪያው ደመወዝ አነሰ ተብሎ ብቻ ሕልም አይተውም፤ ዝቅተኛው ገቢ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና በዚያ ጊዜ የሚጎድለውን ማን እንደሚሞላው ሳያውቁ መግባት ግን ቤት ያናጋል። የሚከተሉትን ደረጃዎች ከትዳር አጋርዎ ጋር ተቀምጣችሁ በወረቀት ላይ ሥሯቸው።

ደረጃ 1፦ ከክፍያው በፊት የጤና ምርመራ

ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የአንደኛ ደረጃ የአብራሪ ጤና ማረጋገጫ ማግኘት እንደሚችሉ ያረጋግጡ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብና የአእምሮ ጤና ይታያል። ምርመራው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቀርም አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ይህ ማረጋገጫ ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው 12 ወር፣ ከዚያ በላይ ላለ 6 ወር ያገለግላል። የቤቱ እንጀራ በአንድ ሰው ጤና ላይ ሊንጠለጠል ነውና ፈቃድ በሕመም ምክንያት ሲታገድ የሚከፍል ኢንሹራንስ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በወጪ ዝርዝርዎ ውስጥ ይግባ።

ደረጃ 2፦ የሰዓት ክፍያውን ወደ ወር ገቢ ይለውጡ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በብዙ አየር መንገዶች አብራሪ የሚከፈለው በበረራ ሰዓት ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ሲሆን የሚያበቃው ደርሶ ሲቆም ነው። ከበረራ በፊት ያለው ዝግጅት፣ በሁለት በረራ መካከል ያለው ጥበቃ፣ ሆቴል ውስጥ የሚያልፈው ሌሊት በዚያ ታሪፍ አይከፈልም። ስለዚህ የተነገረዎትን የሰዓት ክፍያ በቢሮ ሠራተኛ የሥራ ሰዓት፣ ማለትም በወር 160 ገደማ፣ አያባዙት። በውሉ ላይ የተጻፈውን ወርሃዊ ዋስትና፣ ማለትም ጥቂት ቢበሩም እንኳ የሚከፈልዎትን ዝቅተኛ የሰዓት ብዛት ይፈልጉ። በአሜሪካ ብዙ ውሎች ላይ ይህ ወደ 75 ሰዓት ይጠጋል። የሰዓቱን ክፍያ በዚያ ያባዙ፣ ግብርና ሌላውን ተቀናሽ ያውጡ። ቤት የሚገባው የተረፈው ነው።

«ሲጎድል ተጨማሪ እበራለሁ» የሚለው ሐሳብም ብዙ አያስኬድም። የበረራ ሰዓት በሕግ የተገደበ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአየር መንገድ አብራሪ በተከታታይ 365 ቀናት ከ1,000 ሰዓት በላይ መብረር አይፈቀድለትም፤ በአውሮፓ ደግሞ የአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት ጣሪያ 900 ሰዓት ነው። የጉዞ አበሉንም ከገቢ አይቁጠሩት። እርስዎ መንገድ ላይ ስለሚበሉት የሚሰጥ ነውና ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አይደርስም።

ደረጃ 3፦ ዝቅተኛው ገቢ የሚቆይበትን ጊዜ ይቁጠሩ

አሜሪካ ውስጥ የንግድ አብራሪ ፈቃድ በመደበኛው መንገድ በ250 የበረራ ሰዓት ይገኛል። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በአብዛኛው 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። ከጦር ኃይል የመጣ በ750፣ ተገቢ የአቪዬሽን ዲግሪ ያለው በ1,000 ሊገባ ይችላል። የቀረውን ሰዓት አብዛኛው ሰው የሚሞላው የበረራ አስተማሪ ሆኖ ነው። የአስተማሪ ገቢ የአየር ጠባይና የተማሪ ቁጥር ይወስነዋል፤ ደመና የዋለበት ሳምንት ገቢ ያልገባበት ሳምንት ነው።

በአውሮፓ በ200 ሰዓት አካባቢ ረዳት አብራሪ ወንበር ላይ መቀመጥ ይቻላል። ነገር ግን ለአንድ የአውሮፕላን ዓይነት ብቁ የሚያደርገውን ሥልጠና፣ ታይፕ ሬቲንግ የሚባለውን፣ አብራሪው ከኪሱ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። መንገዱ ያጠረ ሲመስል ዕዳው ይረዝማል።

የእርስዎን አገር ደንብ ይዘው የትምህርቱን ወራት፣ ሰዓት የሚሞሉበትን ወራትና ጀማሪ ረዳት አብራሪ ሆነው የሚቆዩበትን ጊዜ በተናጠል ይጻፉ። የሦስቱ ገቢ አንድ ዓይነት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ጉድለቱን በቤቱ ወጪ ይለኩት

የቤተሰባችሁን የአንድ ወር እውነተኛ ወጪ 100 ብለው ይያዙ። የትምህርት ብድር ክፍያውም በ100ው ውስጥ ይግባ። በወር ገቢዎ ላይ የትዳር አጋርዎን ገቢ ደምረው 70 ከሞላ በየወሩ 30 ይጎድላል። ይህ ለ36 ወር ቢቀጥል 1,080 ይሆናል፤ የ11 ወር ያህል የቤት ወጪ ማለት ነው። በተጨማሪ ምንም ገቢ የሌለበት 4 ወር ካለ 400 ይጨመራል፤ ድምሩ ወደ 15 ወር ወጪ ይጠጋል።

ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከቁጠባ፣ ከወላጅ እርዳታ፣ ከባለቤት ተጨማሪ ሥራ? ምንጩን በስሙ ጻፉት። «እንደምንም» የሚል መልስ እዚህ ገጽ ላይ አይቀመጥ። በብድር ይሞላል ከተባለ የብድሩ ክፍያ በሚቀጥለው ወር ወጪ ላይ ተደምሮ 100ውን 108 ወይም 110 ሊያደርገው ይችላልና ሒሳቡን እንደገና ይሥሩ።

ደረጃ 5፦ ዕድገቱን በራሱ ይመጣል ብለው አያስሉ

በብዙ አየር መንገዶች ደመወዝ፣ የበረራ ፕሮግራም፣ የዕረፍት ቀንና የካፒቴንነት ተራ የሚሄዱት በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። ሲኒየሪቲ የሚሉት ይህንን ነው። የአሥር ዓመት ልምድ ይዞ ወደ ሌላ አየር መንገድ የሄደ ሰው በዝርዝሩ መጨረሻ ሊሰለፍ ይችላል። ቅነሳ ሲመጣም መጀመሪያ የሚወጣው መጨረሻ የገባው ነው።

ተራው የሚንቀሳቀስበት ፍጥነት በእርስዎ እጅ አይደለም። በታኅሣሥ 2007 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የአየር መንገድ አብራሪዎችን የጡረታ ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ከፍ ስታደርግ፣ ከላይ ያሉት ወንበራቸውን ሳይለቁ ቆዩ፤ ከታች ያሉት ረዳት አብራሪዎች ባሉበት ጠበቁ። በ2022 ደግሞ የአብራሪ እጥረት ሲፈጠር አንዳንድ የአገሪቱ ክልላዊ (በአጫጭር መስመሮች የሚበሩ) አየር መንገዶች የጀማሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር አደረሱት። ክፉውም ደጉም በአጭር ጊዜ ተፈራርቋል። ስለዚህ ቀጣሪው «በሁለት ዓመት ካፒቴን ትሆናለህ» ቢልዎት በአራት ዓመት ያስሉት።

ዕድሜዎም ይታይ። በ25 ዓመቱ የጀመረ ሰው የዝቅተኛ ገቢ ዓመታቱን የሚያካክስበት ረጅም ጊዜ አለው፤ በ45 ዓመቱ የጀመረ እስከ 65 የሚቀረው ጊዜ ዕዳ ከፍሎ ጡረታም ለማጠራቀም ይበቃ እንደሆነ መቁጠር ይኖርበታል።

ደረጃ 6፦ የት እንደምትኖሩ ይወስኑ

የሥራ መነሻዎ የተመደበበት ከተማ ኑሮ ውድ ከሆነ ቤተሰብን ርካሽ ቦታ ትቶ መመላለስ ያጓጓል። ይህ ግን ሁለተኛ መኝታ፣ ከሥራ በፊት የሚባክን ቀንና እንቅልፍ ማጣት አለው። በየካቲት 2009 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የተከሰከሰው የኮልጋን ኤር 3407 በረራ 50 ሰዎችን ገድሏል። ረዳት አብራሪዋ ሥራ የምትጀምርበት ኒውዋርክ የደረሰችው ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ከሲያትል፣ ሌሊቱን ተጉዛ ነበር። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ሊወድቅ መሆኑን ለሚገልጸው ማስጠንቀቂያ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው ቢሉም፣ ድካም የሁለቱንም አብራሪዎች ብቃት ሳይነካ እንዳልቀረ ጽፈዋል። የጀማሪ ደመወዝ ማነስም በምርመራው ችሎት ተነሥቷል። በኪራይ የሚተርፈው ገንዘብ በእንቅልፍ የሚከፈል ከሆነ ያ ቁጠባ መሰረዝ አለበት።

ደረጃ 7፦ ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

በሥልጠና ወራት ደመወዝ አለ? ከምን ያህል ጊዜ በፊት ብለቅ የሥልጠና ወጪ እመልሳለሁ? የቤተሰብ ሕክምና ሽፋን ከመቼ ይጀምራል? ተጠባባቂ ሆኜ ሳልጠራ ከዋልኩ ይከፈለኛል? መልሱ በውሉ ላይ ተጽፎ ይታይ፤ የቃል ተስፋ አይበቃም።

ደረጃ 8፦ ገደቡን አብራችሁ አስቀምጡ

የደረጃ 4 ድምር በእጃችሁ ካለ ጀምሩ። ግማሹ ብቻ ካለ ያለውን ሥራ ሳይለቁ ፈቃዱን ደረጃ በደረጃ፣ ቅዳሜና እሑድ እየበረሩ ማግኘት ይቻላል። ይረዝማል፤ ነገር ግን ደመወዝ አይቋረጥም። እኔ ልጅ ላለው ሰው የምመርጠው ይህንን ነው።

ከዚያ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የመጠባበቂያ ገንዘቡ ከየትኛው መጠን በታች ሲወርድ እንደምታቆሙ፣ እና እስከ የትኛው ቀን የአየር መንገድ ሥራ ካልተገኘ ወደ ቀድሞ ሙያ እንደሚመለሱ። ይህን የሚወስነው አብራሪው ብቻ አይሁን። በእነዚያ ዓመታት ልጆቹን ብቻውን ወይም ብቻዋን የሚያስተኛው ወላጅ በቁጥሩ ካልተስማማ ቁጥሩ ይስተካከል፤ ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ሒሳቡን እንደገና አብራችሁ ተመልከቱት።