ጧሪ የሌላቸውን የገጠር መበለቶች በአጥቢያ ደረጃ እንዴት መደገፍ ይቻላል?

አጥቢያዎችና የጽዋ ማኅበራት ለአረጋውያን መበለቶች እርዳታ የሚያሰባስቡት አብዛኛውን ጊዜ በበዓል ሰሞን ነው። በገና ሰሞን ግን እህል ከአውድማ የገባበት ጊዜ በመሆኑ ችግሩ ይቀላል። በመኸር አብቃይ አካባቢ ከባዱ ጊዜ ጎተራ የሚራቆትበት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ወቅት ነው፤ ሥራው መታቀድ ያለበትም ለእርሱ ነው።

በመጀመሪያ በኅዳር ወር መዝገብ ይዘጋጃል። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያላነሰ መበለቶች እንዲመዘገቡ፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላቸውን ግን ቤተሰባቸው አስቀድሞ እንዲጦራቸው አዟል። መስፈርቱ ዛሬም ይሠራል፤ ነገር ግን ልጅ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መጦሩም መጣራት አለበት። መዝገቡን የንስሐ አባቶችና የእድር ዳኛ ብቻቸውን ባያዘጋጁት ይመረጣል፣ ምክንያቱም የማን ምድጃ እሳት እንዳልነደደበት ቀድመው የሚያውቁት ውኃ የሚቀዱት የሰፈር ሴቶች ናቸው። ሴፍቲኔት (ለምግብ ዋስትና ችግር የተጋለጡ ቤተሰቦችን የሚረዳው የመንግሥት ፕሮግራም) ባለበት ወረዳ ደግሞ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን በቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም ያለ ሥራ ግዴታ በሚሰጠው እርዳታ፣ ስለሚታቀፉ፣ ያልተመዘገቡትን ይዞ ወደ ቀበሌ መሄድ ከማንኛውም መዋጮ ይቀድማል።

በምዝገባው ጊዜ ስለ መሬት መጠየቅ ፈጽሞ መዘለል የለበትም። ብዙ መበለቶች በሬም ጉልበትም ስለሌላቸው መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ይሰጣሉ፤ አራሹ ዘመድ ሲሆን ድርሻቸው እየሳሳ ይሄዳል፣ መበለቶቹም በይሉኝታ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ውሉ በሽማግሌዎች ፊት እንዲጻፍና ምርቱ በአውድማው ላይ እንዲከፈል ማድረግ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከእህል እርዳታ የሚበልጥ እርዳታ ነው።

ቀጥሎ እህሉ ዋጋው በሚረክስበት በታኅሣሥና በጥር ይገዛል። በሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበውን 15 ኪሎ መነሻ ብናደርግ፣ ለአራት ወር 60 ኪሎ፣ ለ20 መበለቶች ደግሞ 12 ኩንታል ያስፈልጋል። በቆሎና ማሽላ ቶሎ ስለሚነቅዙ በደንብ ደርቀው አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት መቀመጥ አለባቸው፤ እያንዳንዱ ሽፋን ለየብቻው ይታሰራል፣ ከረጢቱም ከወለልና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ላይ ይደረደራል። እንዲህ ከተቀመጠ የነቀዝ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ከሰኔ ጀምሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እህሉን አስፈጭተው በየሁለት ሳምንቱ ቤት ድረስ ያደርሳሉ። አንዲት የ75 ዓመት እናት 15 ኪሎ ተሸክመው ወፍጮ ቤት እንዲሄዱ መጠበቅ አይገባም፤ ዱቄትም በክረምት እርጥበት ብዙ አይቆይም። ወጣቶቹ በዚያው እንጨትና ውኃ ያቀርባሉ፤ የጎጆው ክዳን የሚያፈስ እንደሆነ ግን በግንቦት አስቀድሞ መታየት ነበረበት። ዓይናቸውንም ይመልከቱ፦ በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚቧጭራቸው እናቶች በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊረዱ ይችላሉ። ለሕክምናው ወጪ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ያለ መዋጮ የሚታቀፉበት አሠራር ስላለ ቀበሌውን መጠየቅ ይገባል።

ፎቶግራፍ ማንሳት አያስፈልግም፤ ለሰበካ ጉባኤው የሁለት ሰዎች ፊርማ ያረፈበት የወጪ መዝገብ ይበቃል። በመስከረም መጨረሻ የተረፈ እህል ካለ ለከርሞ ከማስቀመጥ ይልቅ አዲሱ ምርት ሳይደርስ ለተመዘገቡት ማካፈል ይሻላል።