ከልጆች ጋር ውጭ አገር አዲስ ከተማ ስትገቡ

ሻንጣው ሳይፈታ ከተማውን ሁሉ ለማየት አትሩጡ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የእንቅልፍ ናቸው። ሰውነት የአዲሱን አገር ሰዓት ለመልመድ፣ ከአገራችሁ ሰዓት ጋር ላለው ለእያንዳንዱ የአንድ ሰዓት ልዩነት በግምት አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ልጁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ «ነጋ እንዴ?» ቢላችሁ አትበሳጩ። መብራቱን ደብዘዝ አድርጉ፣ ስልክ አትስጡት፣ ቀን ላይ ደግሞ ደጅ ይዋል። ሰውነት ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዋናነት በብርሃን ነው።

ቤቱን መጀመሪያ ለአንድ ወር ብቻ ያዙ። ፎቶው ላይ የሚያምር ቤት ከሥሩ ጭፈራ ቤት ሊኖረው ይችላል፣ ማስታወቂያው ይሄን አይነግራችሁም። ገና እንደገባችሁ ግድግዳውን፣ ምድጃውን፣ የተሰነጠቀውን ሁሉ በቪዲዮ ቅረጹና የዚያኑ ዕለት ለአከራዩ ላኩለት። እኛ ይህን ሳናደርግ ቀርተን፣ ከመግባታችን በፊት ለተሰበረ መስታወት ከፍለናል። እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ ሰፈሩን በእግር ዙሩት፦ ፋርማሲ፣ ክሊኒክ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩን ልጆቹም በቃላቸው ይያዙ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ነው፣ በአሜሪካና በካናዳ 911። ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታስገቡ ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

መናፈሻ ላይ ግን ምክሬ አንድ ነው፦ በየቀኑ አዲስ አትፈልጉ። ወደ አንዱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተመላለሱ። እዚያ የሚመጡት ልጆች በአብዛኛው እነዚያው ናቸው፤ የእኛዋ በአራተኛው ቀን በቅጡ መጥራት የማትችለውን የጓደኛ ስም ይዛ መጣች።