ኩላሊት ከተጎዳ በኋላ ያሉት 90 ቀናት፦ ለአስታማሚ የተዘጋጀ መመሪያ

ከከባድ ተቅማጥ፣ ከወባ ወይም ከወሊድ ደም መፍሰስ የተነሳ ኩላሊቱ በድንገት የደከመ ሰው ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ፣ ቤተሰቡን አንድ ሐሳብ ይዞት ይቆያል። «ስቴም ሴል የሚባል መድኃኒት ውጭ አገር አለ አሉ፤ በሬውን ሸጠን እንላከው?» ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። መልሳችን ግን አትሽጡ ነው። ኩላሊቱን የሚጠግኑት ሕዋሳት እዚያው ኩላሊቱ ውስጥ ናቸው። የእናንተ ሥራ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ሁለተኛ ጉዳት እንዳይደርስባቸው መጠበቅ ነው።

ውስጥ ምን እየሆነ ነው

አንድ ኩላሊት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ኔፍሮኖች አሉት። ኔፍሮን ደም የሚያጣራ ጥቃቅን የደም ሥሮች ጉንጉንና ከእሱ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ነው። ደም ሲያጥር ቀድመው የሚጎዱት የቱቦው ግድግዳ ሕዋሳት ናቸው። ሥራቸው ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ያሉበት የኩላሊት ክፍል ደግሞ በደህናውም ጊዜ ኦክስጅን የሚያንሰው ነው። የሞቱት ተልጠው ቱቦውን ይደፍኑታል፤ ሽንት ከሚቀንስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ የተረፉት ሥራ ይጀምራሉ። ሰርዶ የተራቆተ መሬት ላይ ከዳር እየተሳበ እንደሚሸፍነው፣ እነዚህም ሕዋሳት ጠፍጠፍ ብለው በባዶው ግድግዳ ላይ ይዘረጋሉ፣ ይባዛሉ፣ በመጨረሻም ወደ ቀድሞ ቅርጻቸውና ሥራቸው ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በአይጥ ኩላሊት ውስጥ የቱቦ ሕዋሳትን ምልክት አድርገውባቸው፣ ከጉዳቱ በኋላ የበቀሉት አዲሶቹም ያንኑ ምልክት ይዘው ተገኙ። ከመቅኔ ወይም ከሌላ ቦታ የመጡ ቢሆኑ ምልክቱ ይሳሳ ነበር።

ጥገናው ግን ወሰን አለው። የቱቦ ሕዋስ ይታደሳል፤ ሙሉ ኔፍሮን ግን ሰው ከተወለደ በኋላ አዲስ አይሠራም። ጉዳቱ ሲደጋገም አንዳንድ ሕዋሳት መባዛት ጀምረው መሐል ላይ ይቀራሉ፤ እነዚህ ጠባሳ የሚያስከትሉ ምልክቶችን ይልካሉ። ሁለተኛ ጉዳት ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስፈራን ለዚህ ነው።

ስቴም ሴልን በተመለከተ

ከመቅኔ፣ ከስብ ወይም ከእትብት የሚወሰዱ ሕዋሳት በደም ሥር ሲሰጡ አብዛኞቹ ሳንባ ላይ ይቀራሉ፤ ኩላሊት ሆነው አይበቅሉም። በእንስሳት ላይ የረዱት በሚያመነጩት ንጥረ ነገር ነው። በሰው ላይ ሲሞከር ውጤቱ ሌላ ሆነ፦ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኩላሊታቸው የተጎዳ 156 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ፣ ሕዋሳቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ቶሎ እንዳላገገሙ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ የሕክምና ዘገባ ደግሞ የራሷ ስቴም ሴል በቀጥታ ኩላሊቷ ውስጥ ስለተወጋላት ታካሚ ነው፤ በተወጋችበት ቦታ እብጠቶች በቀሉባት። የደም ካንሰር ሕክምና ላይ የሚሠራው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ከዚህ የተለየ ነገር ስለሆነ አታምታቱት።

ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ይህን ሊሰጣችሁ ካለ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሕዋሱ ከየት ተወሰደ? የተመዘገበ ጥናት ነው ወይስ ንግድ? ችግር ቢመጣ ማን ያክማል? በእውነተኛ ጥናት ውስጥ ታካሚው ለሚሞከረው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

ሽንትና ክብደት መለካት

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የ2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቁረጡ። ልኩ ከሚታወቅ ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውኃ እየገለበጣችሁ በየግማሽ ሊትሩ በምስማር ወይም በማይጠፋ ቀለም አስምሩበት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ሽንት ይድፉት፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ 1 ሰዓት የወጣውን ሁሉ፣ የማግስቱን የጠዋት ሽንት ጨምራችሁ ለኩ። ልኩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ታማሚው ለሰገራ ሲወጣ እዚያው ሲሸና ነው። መጀመሪያ ዕቃው ላይ ሽንቱን፣ ቀጥሎ ሰገራውን ካላችሁት ይስተካከላል።

የ60 ኪሎ ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ወደ 700 ሚሊ ሊትር ሽንት ሊያወጣ ይገባል። ከ400 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠጣው የትናንቱ ሽንት ልክና 500 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሾርባው፣ አጥሚቱ፣ ሻዩ ሁሉ ይቆጠራል። ትናንት 300 ከሸና፣ ዛሬ 800 ብቻ ይጠጣል። «ኩላሊቱን እንዲያጥብ» ተብሎ በሊትር የሚሰጠው ውኃ መውጫ አጥቶ ሳንባ ላይ ይገባል። ጸበል ለሚጠጣም ያው ነው፤ መጠመቁን ማንም አይከለክልም፣ የሚጠጣው ግን ከ800ው ውስጥ ይቆጠር። ጾምም ቢሆን ለበሽተኛ የንስሐ አባት የሚፈቅዱት ነገር ስላለ ሳይፈሩ ማማከር ይገባል።

ክብደት በየቀኑ፣ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ሚዛን ይመዘን። ከወፍጮ ቤት ሚዛን የጤና ኬላው ይሻላል፤ የወፍጮው ለእህል ስለሆነ የግማሽ ኪሎ ለውጥ ላያሳይ ይችላል። በአንድ ቀን 1 ኪሎ መጨመር ወይም መቀነስ ማለት 1 ሊትር ገደማ ውኃ ነው፤ ሥጋ በአንድ ቀን አይበቅልም።

ሲያገግሙ ብዙዎች በተቃራኒው በቀን 3 ሊትርና ከዚያ በላይ መሽናት ይጀምራሉ። ቤተሰብ ደስ ይለዋል፤ የሚያስጠነቅቀው ግን ይህ ጊዜ ነው። ቱቦው ተከፍቷል፣ አዲሶቹ ሕዋሳት ግን ውኃና ጨው መልሰው መሳብ ገና አልተማሩም። ውኃው፣ ፖታሲየሙ፣ ሶዲየሙ አብሮ ይፈሳል። ታማሚው ሲነሳ ዓይኑ ከጨለመበት ወይም ክብደቱ ከቀነሰ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡለት። ፓኬት ከሌለ በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የሻይ ማንኪያው ሳይከመር ይስተካከል፤ ጨው ሲበዛ ጉዳት ነው። ሽንት በጠፋበት ጊዜ ግን ኦአርኤስ ያለ ሐኪም አይሰጥ፤ ውስጡ ፖታሲየም የሚባል ጨው አለ፣ ሽንት ከሌለ መውጫ አጥቶ ይከማቻል።

መድኃኒት ቤት ስትገቡ

የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኩላሊቱ ተጎድቶ ነበር» ይሁን። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን በክኒንም በመርፌም አይሁኑ። ኩላሊት ደም ሲያንሰው የሚያስገባውን የደም ሥር ክፍት አድርጎ የሚይዝ ንጥረ ነገር አለው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ያ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያደርጋሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል በቀን ከ3 ግራም ሳያልፍ ይበቃል። ጀንታማይሲን የተባለው የፀረ-ባክቴሪያ መርፌ የሚከማቸው በነዚያው በሚታደሱት የቱቦ ሕዋሳት ውስጥ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱን ኢናላፕሪል ወይም የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው እስኪሻለው ማቆም አለበት ወይ ብላችሁ ሐኪም ጠይቁ። መጠኑ የማይታወቅ የባህል መድኃኒትም ለአሁኑ ይቆይ። ኮሶውም ሆነ ሌላው መውጫው በዚሁ በቆሰለው ቱቦ ሊሆን ይችላል።

ምግብ

አታስርቡት፤ ሕዋስ የሚሠራው ከምግብ ነው። እንቁላል፣ ሽሮ፣ እንጀራ ይብላ። ጨው በቀን ከ1 የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ሽንት ባነሰበት ወቅት ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶና ድንች ፖታሲየም ስላላቸው ይቀነሱ። የጎጃም ቤት ያለ ድንች አይሆንምና፣ ድንቹን ልጣችሁ በትንንሹ ቆርጣችሁ በብዙ ውኃ ቀቅሉና ውኃውን ድፉት፤ ብዙው ፖታሲየም አብሮ ይወጣል። አረቄው ይቆይ።

ክሪያቲኒን

ክሪያቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይጨምራል። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ከሆስፒታል በወጣ በ1 ሳምንት፣ በ2ኛ ሳምንት፣ በወሩና በ90ኛው ቀን ይመርመር። ከተቻለ በአንድ ላቦራቶሪ፣ ማታውን ብዙ ሥጋ ሳይበላ። ወረቀቱ ላይ ያለውን መለኪያ አይታችሁ አወዳድሩ፤ አንዱ ላቦራቶሪ 1.2 ሌላው 106 ቢጽፍ ያው ልክ ነው። የመጀመሪያው በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን በ88.4 ሲባዛ ሁለተኛውን፣ በማይክሮሞል በሊትር የተጻፈውን፣ ይሰጣል። በሕመም ሥጋው ያለቀ ሰው ክሪያቲኒን ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ጡንቻ ነውና የሚያመነጨው።

በ90ኛው ቀን ክሪያቲኒን ብቻ አይበቃም፤ የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊትም ይታይ። ክሪያቲኒኑ ወደ ቀድሞ ካልተመለሰ ወይም ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እንዳለ ተቆጥሮ ክትትሉ ይቀጥላል። ከ90 ቀን በፊት ተኝቶ መተንፈስ ካቃተው፣ ልቡ ሲመታ ከተዛባ፣ እጅ እግሩ ከዛለ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ለ12 ሰዓታት ምንም ካልሸና እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የሆስፒታል መውጫ ወረቀቱና የሽንት መዝገቡ አንድ ፌስታል ውስጥ በር አጠገብ ይሰቀሉ፤ የተረኛው ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄ የቀድሞ ክሪያቲኒኑ ስንት ነበር የሚል ነው።