የአያትን የብር መስቀልና ጠገራ ብር በፍሬም ማኖር

ከአያት የወረደ የአንገት መስቀል፣ አልቦ ወይም ጠገራ ብር በመሳቢያ ውስጥ ከሌላ ብረት ጋር ሲፋተግ ይጎዳል፤ ቦታው መስታወት ያለው ጥልቅ ፍሬም ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ነገር ይወሰን፦ በቅርሱ ላይ የምታደርጉት ሁሉ ነገ ሳይጎዳ የሚፈታ ይሁን። ማስቲሽ፣ ሱፐር ግሉና ብየዳ አይነኩትም። በአሮጌው ብር ላይ አዲስ ስም ማስቀረጽም ይቅር፤ ጽሑፉ ለብቻው በተሠራ ትንሽ የብር ሰሌዳ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ ብር መሆኑን አረጋግጡ። ማግኔት አይበቃም፤ ብርም ነሐስም አይሳቡም። በወርቅ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ዕቃውን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ታችና ጎኑን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። የደረቅ ክብደቱን ሚዛኑ በሚያሳየው ቁጥር አካፍሉ፤ 10 ገደማ ከሆነ ብር ነው፣ 8.5 አካባቢ ከሆነ ነሐስ ወይም መሰሉ። 28 ግራም የሚመዝን ጠገራ ብር በውሃው ላይ 2.8 ገደማ ያሳያል። ውስጣቸው ባዶ በሆነ የድሪ ፍሬዎች ላይ ይህ አይሠራም። ጠገራው ላይ ያለው 1780 የተመታበት ዓመት ላይሆን ይችላል፤ ምስሏ በጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ያው የፈረንጅ ዓመት ሳይለወጥ ብዙ ጊዜ ተመትቷል። ቁጥሩን የቤተሰብ ታሪክ አድርጋችሁ ሰሌዳው ላይ አታስጽፉ።

ብዙ ቅርስ የሚበላሸው በማጽዳት ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ በአብዛኛው ይበቃሉ። በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁት፣ በጥጥ ጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ላብ ውስጥ ያለው ጨው አሻራ ያትማል። የጥርስ ሳሙና ይጭራል፣ በረኪና ደግሞ ብሩን ይበላል። በፎይል፣ በቤኪንግ ሶዳና በሙቅ ውሃ የሚደረገው ዘዴ ጥቁረቱን በደቂቃዎች ያነሣል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ብር ሠሪው በቀረጸው መስመር ውስጥ የተቀመጠው ጥቁረት ሐረጉን የሚያሳየው ነው፤ እሱ ሲጠፋ መስቀሉ ገርጥቶ ይቀራል። ድንጋይ ያለበት፣ ወርቅ የተቀባ ወይም ክር የተሰካበት ዕቃ ጭራሹን ውሃ ውስጥ አይግባ።

ለሰሌዳው 6 በ2 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ብር አሠሩ፤ 12 ግራም ገደማ ይፈጃል። ከዚህ የሳሳ በእጅ ሲቀረጽ ይጎብጣል። በብር የተቀባ ነሐስ ከሆነ መቅረጫው ቅቡን አልፎ ቢጫውን ያወጣዋል። የፊደሉ ቁመት ከ3 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ እንደ ጬ እና ሕ ያሉት በትንሹ ሲቀረጹ እግራቸው ይደፈናል። ጽሑፉን ለሌዘር ቤት ስትሰጡ ፊደሉ በሌላ ኮምፒውተር ወደ ባዶ ሣጥን እንዳይለወጥ በፒዲኤፍ ይሁን። ሠ ወይስ ሰ፣ ፀ ወይስ ጸ የሚለውን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወረቀት ላይ አይቶ ያጽድቀው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ካልተጻፈ ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ዓመቱን በሰባት ወይም በስምንት ያዛቡታል።

ፍሬሙ ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ በመስታወቱና በዕቃው መካከል ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። ፍሬም ቤቶች ቀይ ከፋይ ያቀርባሉ፣ ያምራልም፤ ግን ማቅለሚያው ሊለቅ ይችላል። ታጥቦ የደረቀ ነጭ አቡጀዲ ከአሲድ ነፃ በሆነ ካርቶን ላይ ወጥሩ። ሱፍና ላስቲክ ድኝ ስላላቸው ብሩን ያጠቁሩታል፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ በብሩ ውስጥ ካለው መዳብ ጋር አረንጓዴ ዝልግልግ ያወጣል። መስቀሉን በቀለበቱና በክንዶቹ ሥር በጥጥ ክር ስፉት፤ ቋጠሮው ከካርቶኑ ጀርባ ይሁን። ቀለበት ለሌለው ጠገራ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ካርቶን ላይ ከጠገራው 1 ሚሊ ሜትር ሰፋ ያለ ክብ ቁረጡ፣ ዕቃውን አስገቡና ጠርዙን በአራት አጫጭር ስፌት ያዙት። ፎቶ አብሮ ከገባ ዋናው ሳይሆን ቅጂው ይሁን፤ ብርሃን ያደበዝዘዋል።

የባለቤቱን ስም፣ የትውልድ አገርና ዕቃው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ በእርሳስ ጽፋችሁ በፖስታ ከጀርባ አኑሩ። ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ስለማይወጣ ፍሬም ከማሠራታችሁ በፊት ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ከኩሽና፣ ከዕጣንና ከከሰል ጭስ ራቅ ያለ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግድግዳ ምረጡ። ብሎኬት ላይ ምስማር ይላቀቃል፤ በድሪል በስታችሁ በፊሸርና በሁለት ብሎን ስቀሉት። በአራቱ ማዕዘን ጀርባ ቡሽ ለጥፉ፣ ግድግዳውና ፍሬሙ መካከል አየር እንዲያልፍ። ክረምት ሲወጣ አውርዳችሁ እዩት፤ አቡጀዲው ቢጫ ነጥብ ካወጣ እርጥበት ገብቷል፣ ጨርቁን ለውጡና ሌላ ግድግዳ ፈልጉ።