ስኳሩ አልወርድ ሲል፦ ጥፋቱን ከሳህኑ መፈለግ

ቤት ውስጥ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሲኖር መጀመሪያ የሚመጣልን ምግብ መከልከል ነው። እኔም ለእናቴ ማብሰል ስጀምር ጣፋጩን ሁሉ ከቤት አወጣሁ። የደም ስኳር መለኪያው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም።

ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ቁጥሩ የሚናገረው የተለካበት ሰዓት ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ምንም ከመቀየራችሁ በፊት ለሦስት ቀን ያህል ምግብ ሊቀርብ ሲልና መብላት ከተጀመረ 2 ሰዓት ቆይቶ ለኩ። የተበላውንም ከጎኑ ጻፉ። ከመለካት በፊት እጅ ታጥቦ ይድረቅ። ብርቱካን ልጦ ያልታጠበ ጣት የሚሰጠው ቁጥር የብርቱካኑ ነው።

ከምግብ በኋላ ዘሎ ይወጣል

ሐኪሙ ሌላ ካላለ፣ ለአብዛኛው አዋቂ የሚመከረው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው። በፊት ደህና ሆኖ በኋላ ከ180 ካለፈ፣ ተጠርጣሪው ያ የተበላው ምግብ ነው።

የእናቴ ምሳ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና አንድ ቁራጭ ዳቦ ነበር። አንዱም አይጣፍጥም፣ ስለዚህ ችግር የለውም ብዬ ነበር። ሰውነት ግን ሦስቱንም ፈጭቶ ስኳር ያደርጋቸዋል። ማለትም አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ነው ያቀረብኩላት።

መፍትሄው ሚዛን አይጠይቅም። ወደ 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ውሰዱ። ግማሹ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ የመሳሰለ አትክልት ይሁን። ሩቡ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ዶሮ። የቀረው ሩብ ላይ ሩዝ ወይም ድንች ወይም ዳቦ። እዚህ ጋ "ወይም" እንጂ "እና" የለም! ምስርና ባቄላም ካርቦሃይድሬት (ሰውነት ስኳር የሚያደርገው ነገር) ስላላቸው ከዚሁ ሩብ ይቆጠራሉ፤ ፋይበራቸው ግን ከነጭ ሩዝ የተሻሉ ያደርጋቸዋል። ኩላሊት የተነካበት ሰው የፕሮቲኑን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው። አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድሞ ዳቦውን መጨረሻ ላይ መብላት የስኳሩን አወጣጥ ያለዝበዋል። ከዚያ 10 ወይም 15 ደቂቃ ወክ። እናቴ ይኼኛውን አትወደውም፤ በስልክ እያወራች እንድትንጎራደድ ነው የተስማማነው።

ሳህኑ ተስተካክሎም አልወርድ አለ

ብርጭቆውን እዩ። ቁጭ ብሎ ሦስት አራት ብርቱካን የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፤ የተጨመቀ ሲሆን ግን በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፣ ያውም ያለ ፋይበሩ። ፍሬውን ራሱን ይብላ። ማርም ቢሆን ስኳር ነው። "ስኳር የለውም" የተባለ ብስኩት ደግሞ ዱቄት አለው፤ ከማሸጊያው ጀርባ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱን አንብቡ።

ጠዋት ሳይበላ ከፍ ይላል

ማታ ሊተኛ ሲልም ለኩ። ያኔም ከፍ ያለ ከሆነ ጥፋቱ የራቱ ነው፤ ወይ በዝቷል፣ ወይ መሽቷል። ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት ከወጣ ግን ወደ ንጋት ላይ የሚነሱ ሆርሞኖች ጉበትን ስኳር እንዲለቅ ስለሚያደርጉት ሊሆን ይችላል። ይህን ራት በመዝለል አታስተካክሉትም። ቁጥሮቹን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከሆነ አንድ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢም ተለክቶ ቢሄድ ጥሩ ነው።

ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል

ይኼ የሚቸኮልበት ነው። ከ70 በታች ከሆነ ስኳሩ ወርዷል። ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን ተወስዶ ምግቡ ሲዘገይ ወይም ሲያንስ ይመጣል። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ብቻውን ከሆነ ግን እምብዛም እዚህ ድረስ አያወርድም።

120 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ወይም በውሃ የተበጠበጠ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ስጡ። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ቸኮሌት አይሆንም፣ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታድርጉ፤ በፍጥነት የሕክምና እርዳታ ጥሩ።

ከተደጋገመ የመድኃኒቱ መጠን እንዲታይ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ዳቦና ሩዙን በአንዴ ከመቀነሱ በፊትም ያማክር። ከላይ ያልኩት ሳህን ራሱ ስኳሩን ከልክ በታች ሊጥለው ይችላል።

"ይኼን የበሽተኛ ምግብ አልበላም"

ለብቻ ስለሚበሰልለት ነው። እኛ ቤት አሁን አንድ ድስት ነው የሚጣደው፤ የሚለያየው የጭልፋው ብዛት ነው። እናቴ ከዳቦዋ ላይ የምትደራደረውን ግን እስካሁን አላስቆምኩም።