በተፋሰስ ሥራ በየዓመቱ የሚደገሙ ስህተቶች

ጥርና የካቲት ሲገባ ዶማና አካፋ ይዞ ተራራ የማይወጣ የደጋ ቀበሌ ጥቂት ነው። ጉልበቱ ሞልቷል፤ ችግሩ የሚባክንበት መንገድ ነው።

ሥራውን በቀበሌ ወሰን መቁረጥ። ተፋሰስ በላዩ የዘነበው ዝናብ በአንድ መውጫ ተጠራቅሞ የሚወርድበት መሬት ነው። ወሰኑም ዝናቡ ወዲህና ወዲያ የሚከፈልበት የተራራ አናት ነው። የላይኛው ጎጥ የሌላ ወረዳ በመሆኑ ከዕቅድ ውጭ ከቀረ፣ የታችኛውን እርከን የክረምቱ ጎርፍ ይደረምሰዋል።

ከቦረቦሩ መጀመር። ቦረቦር ጎብኚ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ክትሩ (በቦረቦሩ ውስጥ ጎርፉን የሚያግደው ግንብ) ይቀድማል። ጎርፉ ግን የሚወለደው ከላይ ነው፤ ሥራው ከአናት ወደ ታች ይውረድ።

አንድ ዓይነት እርከን በየቦታው መሥራት። ዝናብ በሚያጥርበት የትግራይና የወሎ ቆላ ውኃ አቁሮ የሚያሰርግ ደልዳላ እርከን ይጠቅማል። ዝናብ በሚበዛበት ጎጃም፣ በተለይ በዋልካ መሬት፣ ያው እርከን ውኃ ያስተኛና ሰብሉን ቢጫ ያደርገዋል። እዚያ የሚያስፈልገው ትርፉን ቀስ አድርጎ ወደ መፋሰሻ የሚያወጣ ዘንበል ያለ እርከን ነው፤ መፋሰሻውም አስቀድሞ ሣር ሊለብስ ይገባል። ገበሬው በማሳው ፈሰስ፣ ማለትም ትርፍ ውኃ ማስወጫ ቦይ፣ የሚያወጣው በከንቱ አይደለም። እርከን ያፈረሰውን «እምቢተኛ» ከማለት በፊት ለምን እንዳፈረሰ መጠየቅ ይሻላል።

ልቅ ግጦሽን ዝም ብሎ ማለፍ። ከብት የረገጠው እርከን በሪፖርት ላይ ብቻ ይኖራል።

ውኃው ሲገኝ ማን ስንት እንደሚቀዳ አለመወሰን። ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር። ከዙሪያው ኮረብታ የወረደው ደለል ሲሞላው፣ ዳርቻው ደግሞ ጫትና አትክልት በሚያጠጣ ፓምፕ ተከበበ። እያንዳንዱ ገበሬ ጥፋተኛ አልነበረም፤ ድምሩን የሚይዝ አካል ግን ጠፋ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ፤ ሐረርም ከድሬዳዋ አካባቢ በቧንቧ ውኃ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውኃው ሲመለስ የፓምፑም ጥያቄ አብሮ ተመለሰ።

በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ በተባለ መንደር ተራራው ከከብት ተከልሎ፣ ኩሬ ተቆፍሮ፣ የደረቁ ጉድጓዶች ውኃ ይዘዋል፤ መንደሩ በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ሁሉ የተጠቃሚዎች ማኅበር ከፓምፑ ቀድሞ ይቋቋም። ውኃው እጅግ በሚጎድልበት በበጋው ማብቂያ የጉድጓዱ ጥልቀት በገመድ ይለካ፤ አዲስ ፓምፕ የሚፈቀደውም ይህ ልክ ታይቶ ይሁን።